ዋጋውን ተከራክረን ጎማውን ሳናይ

የተግባር ልምምድ ምደባው ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ተለጥፏል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ የደረሳችሁ ስማችሁን ፈልጋችሁ አግኝታችኋል። ከምደባው ሥር ደግሞ በእጅ የተጻፈች ትንሽ ወረቀት አለች። «የኮንትራት መኪና መዋጮ ያልከፈላችሁ እስከ ዓርብ ክፈሉ» ትላለች። አብዛኞቻችሁ ምደባውን ሦስት ጊዜ አንብባችሁ ያችን ወረቀት በጨረፍታ አይታችሁ አልፋችኋል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያች ወረቀት ነው።

ብዕር ያነሣሁት መዋጮ ሰብሳቢዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ኧረ እንዴት ብዬ! በ2017 ዓ.ም. የጋይንት ቡድን መዋጮ ሰብሳቢ እኔው ራሴ ነበርኩ። መኪናውን የመረጥኩት፣ ዋጋውን የተከራከርኩት፣ ቀብዱንም ቆጥሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ የሚከተለው ትችት መጀመሪያ የሚያርፈው በራሴ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ክፍት የሆነበት ሳምንት ስለነበር ቶሎ መነሣት ነበረብን። ፍራሽ፣ ማብሰያና መጽሐፍ ተሸክሞ መናኸሪያ መጋፋት አይሆንም ተባለና ሚኒባስ በኮንትራት ለመያዝ ተስማማን። ደላላው ሁለት መኪና አሳየኝ። የአንደኛው ባለቤት ዋጋውን ተናግሮ «ከዚህ አልወርድም» አለ። የሁለተኛው በሰው 60 ብር ይረክሳል። እኔም ያንን 60 ብር 70 ለማድረስ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ተከራከርኩ፤ ተሳካልኝም። ስመለስ ጓደኞቼ «አንተ እኮ መምህርነት ምን ይሠራልሃል፣ ነግድ!» እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። ስንት ሰዓት እንደምንነሣ ጠይቄያለሁ። ፍራሽ ከላይ ይጫን እንደሆነ ጠይቄያለሁ። ቴፑ ይሠራ እንደሆነም ጠይቄያለሁ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ጎንበስ ብዬ ጎማውን ግን አላየሁም። ማየት እንዳለብኝም ትዝ አላለኝም። በዚያ ላይ ዐሥራ ስድስት ነበርን፤ ወንበሩ ዐሥራ ሁለት ነው። የሒሳብ መምህር ለመሆን የምማረው እኔ ይህን መቁጠር አቅቶኝ ነበር ማለት ነው።

ከደብረ ታቦር በጠዋት ተነሣን። ክምር ድንጋይን አለፍን። ጉና በስተቀኛችን ጉም ለብሷል። ዘፈኑ ደምቋል፤ ቴፑ መቼም ይሠራ ነበር። ወደ ነፋስ መውጫ ሊያደርሰን ብዙም ሳይቀረው ከኋላ በግራ በኩል አንድ ነገር ጮኸ። በዚህ ዘመን በእኛ አገር እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ሁላችንም በያለንበት አጎነበስን። ጥይት እንዳልሆነ ያወቅነው መኪናው ጅራቱን እንደ ዓሣ መወዝወዝ ሲጀምር ነው። ሾፌሩ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ፍሬኑን በድንጋጤ አልረገጠም፤ መሪውን ጨብጦ ለቀቅ ለቀቅ እያደረገ ወሰደው። የኋላው እግር ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከቦዩ ማዶ ያለውን ገደል ወርጄ አላየሁትም፤ ማየትም አልፈለግሁም።

የሞተ ሰው የለም። ነገር ግን ከጀርባ የተቆለለው ዕቃ ወደ ፊት ሲናድ የአንዲት ጓደኛችንን ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ሰበረው። ስኮርታው ጎማ ሲወርድ ከፈነዳው የባሰ ሆኖ ተገኘ፤ ሙልጭ ያለ፣ በአንድ ጎኑ ሸራው የታየ። ክሪክም አልነበረም። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆሞ የራሱን ክሪክ እስኪያበድረን ድረስ በጉና ብርድ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ልጅቱ ማስተማሩን በጀሶ በታሰረ እጅ ጀመረች። ከምንገመገምባቸው ነጥቦች አንዱ የሰሌዳ አጻጻፍ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በግራ እጇ «አ» ለመጻፍ ስትታገል ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አይቻታለሁ። ልጆቹ ሳቁ። ልጆች ናቸውና አልፈረድኩባቸውም። እኔን ግን ያ በሰው 70 ብር ቅናሽ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ቁም ነገሩን ያስተማረኝ የነፋስ መውጫ ጎሚስታ ነው። በነገራችን ላይ ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ስኮርታ የምንላቸው ቃላት፣ ጎማ የሚለውም ራሱ፣ ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው። ቃላቱን ወርሰን ጥንቃቄውን ሳንወርስ ቀርተናል ልበል? ሰውዬው በዕድሜ የገፉ ናቸው። የፈነዳውን ጎማ አገላብጠው አዩና፣

«ልጄ፣ ያባትህ አገር የት ነው?» አሉኝ።

«ስማዳ ነው፣ ጋሼ።»

«አባትህ በቅሎ ሲገዛ ምኗን ያያል?»

«ጥርሷን።»

«ታዲያ ይኼም እኮ ጥርስ አለው!»

እውነታቸውን ነው። የስማዳ ገበሬ፣ የጋይንት ገበሬ፣ የእስቴ ገበሬ በቅሎ ሲገዛ ቀርቶ ለአንድ ቀን መንገድ ሲከራይ እንኳ አፏን ገልጦ ጥርሷን ያያል፤ ጀርባዋን ይዳስሳል፤ እግሯን አንሥቶ ኮቴዋን ይመረምራል፤ ትንሽ አስኪዶ ታነክስ እንደሆነ ያጣራል። ባለቤቱም «ለምን ታያለህ?» ብሎ አይቀየምም። ሳያይ የሚገዛውን ነው እንዲያውም የሚስቅበት። የዚያ ገበሬ ልጆች የሆንነው እኛ፣ ዲፕሎማ ልንይዝ የተቃረብነው፣ ዐሥራ ስድስት ነፍስ የሚሸከም መኪና ስንከራይ የምናየው የወንበሩን ልብስና የመስተዋቱን ጌጥ ነው።

የጎማ ጥርስ አስተያየት ቀላል ነው። በጥርሱ መካከል ያለውን ቦይ ብትመለከቱ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያለች የጎማ ጉብታ በየተወሰነ ርቀት አለች። ፋብሪካው ሆን ብሎ የሠራት ናት። ከፍታዋ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ አልቆ ከጉብታይቱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። ሜትር አያስፈልግም፣ መነጽር አያስፈልግም፤ ጣት ይበቃል። እንዲህ ያለቀው ጎማ ከመኪና ወርዶ በረባሶ ጫማ ቢሆን ለገበሬው እግር ገና ብዙ ያገለግላል። ከመኪናው ሥር ሲቆይ ነው ችግሩ።

ነገር ግን የእኛ ጎማ፣ ጉዱ እዚህ ላይ ነው፣ ጥርሱ ያን ያህል አላለቀም ነበር። እኔም ለጎሚስታው ይህንኑ ብዬ ተከራከርኩ፤ ክርክር መቼም ልማዴ ነው። ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ጎኑን በጨርቅ ጠርገው አራት አኃዝ አሳዩኝ፤ 2309 ይላል። እኔም የተማርኩ ነኝና ፈጥኜ ተረጎምኩት። «09 ማለት 2009 ዓ.ም. ነው፤ ስምንት ዓመት ሆኖታል» አልኩ። ሳቁብኝ። «ፈረንጅ የሠራውን በእኛ ዘመን ትቆጥረዋለህ?» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ሾፌሮችም ይሳሳቱበታልና። በጎማው ጎን ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ በሚመጣው ረዥም ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበት ሳምንት ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ፣ ያውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ስለዚህ 2309 ማለት በ2009 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ፣ በእኛ ግንቦት 2001 ዓ.ም. መጨረሻ ማለት ነው። እኔ ስምንት ዓመቱ ነው ያልኩት ጎማ ዐሥራ ስድስት ዓመት ግድም ሆኖታል። «ታናሽ ወንድምህ ነው» አሉኝ ጎሚስታው። በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት የምንኖር ሕዝቦች ስለሆንን ይህ ስሕተት ለሻጭ የሚመች ነው፤ አንዳንዱም አውቆ ይጠቀምበታል። ሙሉው ጽሑፍ በጎማው በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሚገኝም ወደ ውስጥ ዞሮ ከሆነ ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ ማየት ግድ ነው። ልብስ ይቆሽሻል፤ ይቆሽሽ።

ዕድሜው ለምን ያሳስባል? ላስቲክ ያረጃል። ቢሮጥም ባይሮጥም ፀሐይና አየር ያደርቁታል፤ ይጠነክራል፤ በጎኑ ላይ እንደ ደረቀ የጭቃ ሜዳ ስንጥቅ ያወጣል። በውስጡ ያለውን ሽቦና ሸራ የያዘው ማጣበቂያ ይለቃል። ጥርሱ እንዳለ ሆኖ ማለት ነው። ብዙ የጎማ ፋብሪካዎች ከተሠራ 10 ዓመት የሞላውን ጎማ ምንም ደህና ቢመስል አውርዱት ይላሉ።

ይህን የነገርኳቸው አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ብለውኛል። ፈረንጅም ቢሆን በነፃ አልተማረውም። በእንግሊዝ አገር በ2004 ዓ.ም. በጳጉሜን፣ ያውም በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ከሙዚቃ በዓል ወጣቶችን ይዞ ይመለስ የነበረ የኪራይ አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈንድቶ ከዛፍ ጋር ተጋጨ። ሾፌሩና ሁለት ተሳፋሪዎች ሞቱ። ሲመረመር ጎማው 19 ዓመት ያለፈው ሆኖ ተገኘ። ጥርሱ ግን ሕጉ ከሚጠይቀው በታች አልነበረም! ማለትም በወቅቱ ሕግ ዓይን ጥፋት አልነበረበትም። የ18 ዓመት ልጇን በዚያ አደጋ ያጣች አንዲት እናት ሕጉ ይለወጥ ብላ ተነሣች፤ ዓመታት ደጅ ጠናች። በመጨረሻ ከጥር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአውቶቡስና በከባድ መኪና የፊት እግር ላይ፣ በሚኒባስም ነጠላ ጎማዎች ላይ ሁሉ፣ ከ10 ዓመት በላይ የሆነው ጎማ በዚያ አገር ተከለከለ። ልብ አድርጉ፤ ሕጉን ያስለወጠችው መሐንዲስ አይደለችም፣ ባለሥልጣንም አይደለችም።

ወደ አገራችን እንመለስ። የእኛ መንገድ ለጎማ ከባድ ነው። ከወረታ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወደ ወልድያ የሚወስደው፣ የአገሬው ሰው የቻይና መንገድ እያለ ሲጠራው የኖረው ዋና መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና ዕርዳታ ሲሠራ ጠጠር ነበር። ዛሬ አስፋልት ለብሷል፤ ነገር ግን እኛ የምንመደብባቸው የቀበሌ ትምህርት ቤቶች በአስፋልቱ ዳር የተደረደሩ አይደሉም። ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ፣ ከመካነ ኢየሱስም ወዲያ ዘልቆ ወደ ገጠሩ የሚገቡት ጥርጊያዎች የጎማን ጎን እንደ ምላጭ የሚበሉ ጥቁር ድንጋዮች አሉባቸው። በዚህ አገር መንኮራኩር ሁልጊዜም ከድንጋይ ጋር ተጣልቶ ነው ያለፈው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መጀመሪያ መንገዱን ያስጠርጉ ነበር፤ በገዛ እጃቸውም ድንጋይ ያነሡ ነበር። ንጉሡ መንገዱን አይተው ነው መንኮራኩሩን ያስነሡት። እኛ ሁለቱንም ሳናይ «ሳበው!» እንላለን።

ሌላም አለ። ጋይንት ደጋ ነው፤ ወደ በሽሎ ሲወረድ ግን ቆላ ነው። በነፋስ መውጫ ብርድ የተሞላ ጎማ ቆላ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር ይሞቃል፣ ያብጣል። አንዳንዱ ሾፌር ይህን ስለሚያውቅ «እንዳይፈነዳ» ብሎ ከመጀመሪያው አጉድሎ ያስሞላል። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። የጎደለው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይተጣጠፋል። የተጣጠፈ ነገር ይሞቃል፤ ሽቦ በእጃችሁ ደጋግማችሁ ብታጥፉ ጣታችሁን እንደሚያቃጥለው ማለት ነው። በጎደለ ጎማ ላይ አራት ትርፍ ሰውና ዐሥራ ስድስት ፍራሽ ሲጨመር፣ ረዥም ቁልቁለት ላይ በፍሬን የጋለ ቸርኬ ሲጨመር፣ ጎማው የሚፈነዳበትን ቦታ ራሱ ይመርጣል። ለሚኒባስ የተሠራ ጎማም ከቁጥሩ ቀጥሎ «ሲ» የምትል የላቲን ፊደል አለችበት፤ ጭነት እንዲችል የጠነከረ መሆኑን ትናገራለች። ርካሽ ስለሆነ ብቻ የቤት መኪና ጎማ ሚኒባስ ላይ የሚያስሩ እንዳሉ ጎሚስታው በምሬት ነግረውኛል።

አሁን ወደ ሾፌሩ ልምጣ። ያን ዕለት ክሪክ ስንጠብቅ ተናድጄ «እንዴት በዚህ ጎማ ሰው ትጭናለህ?» ብዬው ነበር። የመለሰልኝን አልረሳውም። «መምህር፣ ጎማው የባለቤቱ ነው። መሪው ነው የኔ» አለኝ። አብዛኛው የኪራይ መኪና የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሾፌሩ በቀን የተቆረጠ ገቢ ለባለቤቱ ያስገባል፣ ከዚያ የተረፈው የሱ ነው። ጎማ የሚገዛው ባለቤቱ ነው፤ መኪናው ላይ የሚሞተው ሾፌሩ ነው። ባለቤቱ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር ተቀምጦ በስልክ «እስኪ ይህን ወር ይድረስ» ይላል። ሾፌሩ እንቢ ካለ ሌላ ሾፌር አለ።

ለባለቤቱም ፍርድ ላለማጓደል አንድ ነገር ልናገር። ጎማ የሚመጣው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ የመለዋወጫውም ዋጋ ተከትሎት ወጣ። መንገድ በሚዘጋበት ሳምንት መኪናው ቆሞ ይውላል። አራት ጎማ በአንድ ጊዜ መቀየር ለባለ አንድ መኪና ሰው ቀላል አይደለም፤ ይገባኛል። የማይገባኝ ግን ወጪውን ለእኛ ሳይነግር በእኛ ነፍስ መክፈሉ ነው። «ጎማ ልቀይር ነውና በሰው 70 ብር ጨምሩ» ቢለን እኮ እንወያይበት ነበር! ያ የመጀመሪያው ባለመኪና፣ «ከዚህ አልወርድም» ያለኝ፣ ምናልባት የነገረኝ ይህንኑ ነበር። አልሰማሁትም። አልጠየቅሁትምም።

«መንግሥት ይመረምር የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ሕጉስ አለ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ በየጊዜው የቴክኒክ ምርመራ እንዲያልፍ ያዝዛል፤ መስተዋቱ ላይ የሚለጠፈው ቦሎም የዚሁ ምልክት ነው። የእኛም መኪና ቦሎ ነበራት፤ ኧረ ያውም አዲስ! ግን ቦሎ የሚነግራችሁ መኪናዋ አንድ ቀን ተመርምራ እንደነበረ ነው። ለምርመራ ደህና ጎማ ከጓደኛ ተበድሮ አስሮ፣ ማታውኑ ፈትቶ የሚመልስ ሰው እንዳለ በመናኸሪያ አካባቢ የማያውቅ የለም። ደግሞ በለመድነው የሰሌዳ አመዳደብ ኮድ 3 የንግድ ነው፣ ኮድ 2 የግል። የግል ሰሌዳ የለጠፈ መኪና በኮንትራት ሲቀርብላችሁ በሕዝብ ማጓጓዣነት የሚቆጣጠረው የለም ማለት ነው። ርካሽ የሚሆነውም በከፊል ለዚህ ነው።

ስለ ተቋማችንም ዝም ብዬ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ለመስክ ጉዞ መኪና ሲከራዩ የአሠራሩ ሥርዓት ሦስት ፕሮፎርማ ማሰባሰብ ነው። ከሦስቱ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ፕሮፎርማው ላይ የመኪናው ዓይነት አለ፣ የወንበሩ ብዛት አለ፣ የቀን ኪራዩ አለ፣ ማኅተም አለ። የጎማው ዕድሜ የሚጻፍበት መስመር ግን የለም። ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያሸንፍ ተደርጎ ጎማ ካልተጠየቀ፣ የሚያሸንፈው ጎማ ያልቀየረው መሆኑን ለመረዳት የሒሳብ ተማሪ መሆን እንኳ አያስፈልግም። ለሠላሳ ብር ጠመኔ ጥራቱ ይታያል፣ ናሙና ይጠየቃል። ለመምህራንና ለሠልጣኞች ነፍስ ናሙናው የቱ ነው? የግዢ ክፍል ባልደረቦቻችን ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ቅጹ ስለማይጠይቅ አይጠይቁም። እንግዲያውስ ቅጹ ይስተካከል። አንድ መስመር ነው የሚጨመረው፤ «የአራቱም ጎማና የስኮርታው የተሠራበት ሳምንትና ዓመት» የሚል። ከዚያም ከኮሚቴው አንድ ሰው መኪናው ድረስ ሄዶ የተጻፈውንና የታየውን ያመሳክር።

በኮንትራት የምንሄደው እኛም ቅጽ አንጠብቅም። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ባለው ሰዓት ደላላውም፣ ባለቤቱም፣ ሾፌሩም የሚሰሙት እኛን ነው፤ ብሩ ኪሳችን ውስጥ አለና። ቀብዱ አንዴ ከወጣ ማንም አይሰማችሁም። እኔ ያን ሰዓት ለ70 ብር አዋልኩት። በዚያው ሰዓት «ስኮርታውን አውርደህ አሳየኝ፤ ክሪኩስ የታለ?» ብል ኖሮ ባለመኪናው ወይ ያሳየኝ ነበር፣ ወይ ይሰድበኝ ነበር። ቢሰድበኝም መልሱን አገኝ ነበር።

«መንገድ በሚዘጋበት አገር የተገኘውን ካልያዝን እንቀራለን» የሚሉ አሉ፤ ከባድ ክርክር ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ ያገኘው መኪና ላይ ያልተሳፈረ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ጎማ ይታይ የሚል ቢኖር ዕብድ ይባል ነበር። ግን ለልምምድ ስንሄድ እንደዚያን ቀን የሚያባርረን የለም። የሦስት ቀን ማስታወቂያ ተለጥፎልን፣ መዋጮ ተሰብስቦ፣ ደላላ ተጠርቶ ነው የምንሄደው። ለአምስት ጎማ ዐሥር ደቂቃ አይጠፋም።

የስማዳው ቡድን የተነጋገረው ሚኒባስ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ግቢው በር ላይ ይመጣል ተብሏል። የቡድኑን መዋጮ ሰብሳቢ አነጋግሬዋለሁ፤ ቀብዱን ገና አልሰጠም። ያች እጇ የተሰበረው ጓደኛችንም ትመጣለች፤ ዘንድሮ ምደባዋ ስማዳ ነው። እኔ የቆየ ካፖርቴን ለብሼ፣ ጨርቅና የእጅ ባትሪ ይዤ እዚያ እገኛለሁ። አራቱንም ጎማዎች በውስጥም በውጭም ለማየት አንድ ሰው አይበቃም፤ ልብሱ ቢቆሽሽ የማይከፋው ይምጣ።